አንድ ወንበር ይጨመርልኝ

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ያልተቀመጠበት ሳሎን ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቻለሁ። የአንድ የድልድይ መሐንዲስ እናት ቤት ነው። ሶፋዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ከሱቅ የመጡበት ላስቲክ እንኳ አልወለቀላቸውም። መሃሉ ባዶ ነው፣ ኳስ ያጫውታል። ከዚህኛው ሶፋ ሆኖ እዚያኛው ላይ ያለውን ሰው «እንዴት ዋልክ» ለማለት መጮህ ያስፈልጋል። መብራቱ ደግሞ የቀዶ ጥገና ክፍል ነው የሚመስለው። የቤቱ ሰዎች እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ሻያቸውን ወጥ ቤት ቆመው ይጠጣሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሳሎን ነው ወይስ የሶፋ መሸጫ?» አልኳቸው።

አባዬን ከኋላዬ ሳል ያዘው። ምላሴ ባመለጠኝ ቁጥር ሳል ይይዘዋል። ዕድሜውን ሶፋ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እጁን አውርሶኛል፣ ዝምታውን ግን ለራሱ አስቀርቷል።

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አዩ፤ ጉልበቱ ላይ የሳሳውን ሱሪዬንም አዩ። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚህ ክፍል መቀመጥ አስጠልቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ባለሙያ መጥቶ ነበር። አምስቱም የጠየቁኝ የመጋረጃ ቀለም ነው።»

«እኔ ቀለም የምጠይቅዎ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ እግርዎን ልለካ» አልኩና ተንበርክኬ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው እጥፋት ለካሁ። «ሲነሱ ጉልበትዎን ያምዎታል?»

«በጣም ነው እንጂ!» አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ነው የሚመስሉት። ሥራውን ያገኘነው በዚያች ደቂቃ ነው።

የኔ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ሁሉ እለካለሁ፤ አጭር ሰው የረጅም ሰው ወንበር ላይ ሲንጠለጠል ማየት አልወድም። ቀጥሎ አሮጌውን ዕቃ በሙሉ አስወጣለሁ። ከዚያ በሶፋው፣ በጠረጴዛውና በምንጣፉ ልክ ካርቶን እየቆረጥኩ ወለሉ ላይ አነጥፋለሁ፤ ባለቤቶቹም ሦስት ቀን ካርቶኑ መሃል ይኖራሉ። በር ሲከፈት ይጋጫል? ጠዋት ፀሐዩ ዓይን ይወጋል? የሻይ ስኒ ለማስቀመጥ እጅ ይደርሳል? የማይሆነውን ያን ጊዜ ነው የምናውቀው። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ይቆረጣል፤ ሶፋ ሲበላሽ ግን ያስለቅሳል።

መሐንዲሱን ያገኘሁት ካርቶኑ ላይ ነው። ከሥራ ገባና በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«ምን ሆነሃል? ካርቶን እኮ ነው» አልኩት።

«እዚህ ምንጣፍ ብለሽ ጽፈሻል። በንጹሕ ምንጣፍ ላይ በጫማ አልሄድም።» እውነትም አውልቆ በካልሲው ገባ። ግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። «እኔ የቱ ነኝ?» አለኝ።

«መጽሐፍ የምታነበው መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

«እንግዲያው መስኮቱ ጋ ነህ።»

ሄደና የራሱ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ግራና ቀኙን አየ። «ብቻዬን?» አለ።

ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። እኔ ነኝ ያልኩ ሴት፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ ቁመቱን በዓይኔ የምገምት፣ የለካሁት ቁጥር ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፋ። ሜትሩን እንደገና ዘረጋሁ። ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

*

ወደድኩት። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። እሱም ወደደኝ። «ጨርቅ ልምረጥ» እያለ ወደ ሥራ ቦታችን ይመጣል፤ ለአንድ ትራስ ሦስት ቀን የሚመላለስ ደንበኛ በዚያው አየሁ። አባዬም «ይሄ ልጅ ድልድዩን ማን እየሠራለት ነው?» ይል ነበር።

አንድ ቀን ስፖንጅ እየቆረጥኩ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «እናትህ ያውቃሉ?»

«ሳሎኑ ይለቅና እነግራታለሁ።»

«ለምን አሁን አትነግራቸውም? አፍረህብኝ ነው? የሶፋ ሠሪ ልጅ ሶፋ ታስገባለች እንጂ ራሷ አትገባም እንዳይሉህ ፈርተህ ነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ሜትሬ» አለኝ። ሲያቆላምጠኝ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «እማዬ ሦስት ዓመት ስትስቅ አላየኋትም። ካንቺ ጋር ስትከራከር ግን ትስቃለች። ይሄን ሳሎን ጨርሺላት፤ ከዚያ እዚያው ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ እነግራታለሁ።»

አመንኩት። ያን ቀን የቆረጥኩት ስፖንጅ ሁሉ ጠማማ ወጣ።

በሳምንቱ ለድልድይ ሥራ ሩቅ አገር ሄደ። ስልክ የማይሠራበት በረሃ ነው። እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ከእትዬ ጋር የመጋረጃ ጨርቅ ስናይ «ሳሎኑ ሲያልቅ አንዲት ልጅ ልጋብዝ ነው» አሉኝ። «የጓደኛዬ ልጅ ናት፣ ሐኪም። ጨዋ፣ የተማረች፣ የትልቅ ሰው ልጅ። ከልጄ ጋር ሻይ ቢጠጡ ምን ይለዋል?»

«ምንም አይለውም እትዬ» አልኩ። ጨርቁን ገልብጬ እንደያዝኩት ያወቅሁት እሳቸው ሲያቀኑልኝ ነው።

በማግስቱ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ደብዳቤ አመጣልኝ። መሐንዲሶች ንድፍ በሚነድፉበት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«ሳሎኑ ላይ አንድ ወንበር ይጨመርልኝ። ከኔ ወንበር ጎን፣ መስኮቱ ጋ። ዕድሜ ልኬን አጠገቤ እንድትቀመጥ ለምፈልጋት ሴት ነው። የመቀመጫው ከፍታ ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ አርባ ስድስት፣ የክንድ ማሳረፊያው ሃያ። ጨርቁን አንቺ ምረጪ። መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ አነበብኩት። ሐኪሟ! ለካ ጉዳዩ አልቋል፤ ለካ ልኳ ሳይቀር ተወስዷል። ማን ለካት? እኔን እያየ መለካት የተማረ እጅ! ቅናት ዓይን የለውም ይላሉ፤ የኔ ቅናት ማንበብም አይችልም ነበር። የትዕዛዝ መቀበያ ደብተራችንን አወጣሁና «ትዕዛዝዎ ደርሶናል። ወንበሩ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተም መታሁበት። ለሹፌሩ ሰጠሁትና በሩን ዘግቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

*

ሌላ ሴት ብትሆን አልሠራም ትል ይሆናል። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ከተቀበልኩ እሠራለሁ። ደግሞም እልህ ያዘኝ። በየቀኑ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ማን እንደሠራላት ትወቅ አልኩ።

የመስኮቱን ብርሃን አሰብኩ፤ ፀሐዩ ከግራ ስለሚመጣ መደገፊያውን ትንሽ አዞርኩት። ሞላዎቹን አንድ በአንድ በስምንት አቅጣጫ አሰርኩ። ከታች ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ፤ ወገብ የሚያርፍበት ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር ጨመርኩ። ጨርቁን ምረጪ ብሎኝ የለ? ለማንም አልሸጥም ብዬ አራት ዓመት የደበቅሁትን አረንጓዴ ከፋይ አወጣሁ። አንድ ቀን የራሴ ቤት ሲኖረኝ ያልኩት ነበር። ስቆርጠው ልቤም አብሮ ተቆረጠ።

አባዬ አጠገቤ የወንበሩን ቁልፎች ጨርቅ ሲያለብስ እንባዬን አየ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «አይዞሽ ልጄ» አለኝ። «እናትሽም እንዲሁ አልቅሳ ነበር። ጥሩ ቀን ነው።»

ጥሩ ቀን! ምን ዓይነት አባት ነው አልኩ በሆዴ። መዶሻውን አንስቼ ምስማሩን ስመታ የሚሰማው ጎረቤት ሁሉ ቤት የሚፈርስ መስሎት ይሆናል። ተናድጄ ጀመርኩት፤ ሲያልቅ ግን እጄን መደገፊያው ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል፤ ያንን ለሌላ ሴት መስጠቴ አንገበገበኝ።

*

የርክክቡ ቀን እኔና አባዬ ከጠዋት ጀምረን ሁሉንም አስገባን። ሳሎኑ አማረ፤ ራሴን ለማሞገስ አላፍርም። አዲሶቹ ሶፋዎች ከግድግዳው ርቀው ወደ መሃል ቀርበዋል፤ በለሆሳስ ቢያወሩ ይሰማል። ምንጣፉ ሰፊ ነው፣ የወንበሮቹን የፊት እግር ሁሉ ይዟል። ቴሌቪዥኑ ወደ ጥግ ተባሯል። ያ የቀዶ ጥገና መብራት ወርዶ በምትኩ ሦስት መብራቶች በየጥጉ ቆመዋል፤ ብርሃናቸው ፊት ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ያርፋል። የእትዬ ወንበር ከፍ ያለ ነው፣ ሲነሱ የሚደገፉበት ጠንካራ ክንድ አለው።

ተቀመጡበት። ተነሱ። ደግመው ተቀመጡ። «ኡፍ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ፤ ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት የሚያስመጣኝ ነገር የለም።

ከሰዓት መሐንዲሱ ገባ። ፀሐይ አጥቁሮታል። እኔን ሲያይ ፊቱ በፈገግታ በራ፤ ዓይን አውጣ አልኩ በሆዴ። አረንጓዴውን ወንበር ሲያይማ ጭራሽ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፊቴን አዞርኩበት፤ ግራ ገባው። ወዲያው በሩ ተንኳኳና ሐኪሟ ገባች።

ወይ ጉዴ! ረጅም ናት። ስትገባ የበሩን ጉበን ልትነካ ምንም አልቀራት። ቆንጆ፣ ሳቂታ፣ ግን ረጅም።

«ነይ ልጄ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ አዲሷ ወንበር ላይ» አሉ እትዬ። መሐንዲሱ «እማዬ፣ እሷ ላይ እንኳን…» ብሎ ሳይጨርስ ልጅቱ ተቀመጠች።

ጉልበቷ ወደ አገጯ ወጣ። ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት ጭን አጣች። ወደ ጎን ዘንበል ብላ ልትመቻች ሞከረች፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ፍቅሩንም ሐዘኑንም ረሳሁት። እኔ የሠራሁት ወንበር ላይ ሰው ተጣጥፎ ተቀመጠ! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

«አንተ!» ብዬ መሐንዲሱ ላይ ጮህኩ። «የተሳሳተ ልክ ነው የሰጠኸኝ! ይቺ ልጅ ከፍታው አርባ ስድስት ነው የሚገባት፣ አንተ ሠላሳ ዘጠኝ ብለህ ጻፍክ! የምታገባትን ሴት አንድ ቀን እንኳ በደንብ አላየሃትም?»

ሐኪሟ ግማሽ ተነስታ ግማሽ ተቀምጣ ቀረች። «የምታገባትን?» አለች። «እኔ ሻይ ተብዬ ነው የመጣሁት።»

አባዬን ሳል ያዘው። ረጅም ሳል ነበር። «ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «ልኩ አልተሳሳተም። ሠላሳ ዘጠኝን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ካንቺ በርጩማ። የሥራ በርጩማሽን እግር ላንቺ እንዲመች የቆረጥኩት እኔ አይደለሁ? ከመሄዱ በፊት መጥቶ ጠየቀኝ፤ እኔም ለክቼ ሰጠሁት። አንቺ እንደገባሽ ነበር የመሰለኝ። ስታለቅሺም… የደስታ ነው ብዬ።»

ስንቱን ሰው የለካሁ ሴት፣ የራሴን ልክ አላውቅም። ማን ይለካኛል? ደብዳቤውን በአእምሮዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ዕድሜ ልኬን አጠገቤ እንድትቀመጥ፣ ጨርቁን አንቺ ምረጪ፣ መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ። ፊቴ እሳት ሆነ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ሜትሬ» አለ መሐንዲሱ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «መልስ ልከሽልኝ የለ እንዴ!» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የኔ የትዕዛዝ መቀበያ ነው፣ ከነማኅተሙ። ከመታጠፍ ብዛት ጫፉ ሳስቷል። «እሠራዋለሁ ካልሽ እሺ ማለትሽ ነው ብዬ… በረሃ ላይ በየቀኑ ሳነበው ነበር።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!» አልኩት። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

እትዬ ግን አልሳቁም። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «ቆይ» አሉ። «ይቺ ልጅ ቤቴን አሳምራልኛለች፣ አመሰግናታለሁ። ምራቴ ትሁን ያለ ግን የለም። ሶፋ ሠሪ ሶፋዋን ሠርታ ትሄዳለች።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። መሐንዲሱ «እማዬ!» ብሎ ሊጀምር ሲል እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት።

«ተው፣ እኔ ልናገር። እትዬ፣ እኔም ምራትዎ ልሁን አላልኩም። እርስዎ አሁን ነው የሰሙት፤ እኔም አሁን ነው የሰማሁት። እኩል ነን። አልጠየቀኝም።»

ቅንድባቸው ተነሳ። «አልጠየቀሽም?»

«ቁጥር ነው የላከልኝ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ! ሚስት ነው የምትፈልገው ወይስ ድልድይ?»

«አባቷን ጠይቄያለሁ እኮ እማዬ…»

«አባቷን ነው የምታገባው?»

ሐኪሟ በእጇ አፏን ይዛ ሳቋን ታፍናለች። ለአንዲት ቅጽበት እኔና እትዬ አንድ ወገን ሆነን ያን ምስኪን ስንኮንነው ነበር። እሱ ግን አላፈገፈገም፤ የወደድኩለትም ይሄንኑ ነው። መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «እናቴም ትስማ፣ አባትሽም ይስሙ። እወድሻለሁ። ካርቶን ላይ ተንበርክከሽ ካየሁሽ ቀን ጀምሮ ያላንቺ የሚገባ ቤት አልታየኝም። ታገቢኛለሽ?»

እሺ ለማለት አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። ግን ወደ እናቱ ዞርኩ።

«እትዬ፣ እኔ የሶፋ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ራሴም ሶፋ ሠሪ ነኝ። ነገም ሥራዬን አልተውም። ልጅዎን እወደዋለሁ፤ ስለሱ ማንንም አልለምንም። ግን እርስዎ ተቀይመው ሳለ እኔ እዚህ ቤት ገብቼ አልኖርም። ካልፈቀዱ ያቺን ወንበር ተሸክሜ እወጣለሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ይወጣል። እንዲህ ያደርጋል ብዬ ላስፈራራዎት አይደለም፣ እውነቱን ይወቁት ብዬ ነው።»

መሐንዲሱ ራሱን ነቀነቀ። «እወጣለሁ እማዬ» አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ሳሎኑን ዞር ዞር እያሉ አዩት። መብራቶቹን፣ ምንጣፉን፣ አረንጓዴዋን ወንበር።

«ዛሬ ጠዋት ሳለቅስ ነበር» አሉ ድንገት። «ሳሎኑ አለቀልኝ ብዬ መደሰት ሲገባኝ አለቀስኩ። ምን ነካኝ አልኩ። ለካ ከነገ ጀምሮ ጠዋት በሬን አንኳኩተሽ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ አትጠይቂኝም። ይሄ ሁሉ ሶፋ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «የተናገርኩት ክፉ ነው፤ ይቅር በይኝ። ወንበሯም የትም አትሄድም። በይ እሺ በይው፣ ልጁን አትግደይብኝ።»

«እሺ» አልኩት። ሁለት ፊደል ናት፤ እንዴት እንዳወጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እጄን ያዘኝ።

እትዬ ግን ወደ አባዬ ዞረው ነበር። በሩ ጋ የመሣሪያ ሳጥኑን እንደያዘ ቆሟል። «እርስዎስ ምን ያቆምዎታል?» አሉት። «ይቀመጡ እንጂ፤ ስለ ልጆቻችን የምንነጋገረው አለ።»

«አይ እትዬ፣ ልብሴ አቧራ ነው» አለ አባዬ። ይሄ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ለሰው ሶፋ ሠርቷል። አንድ ቀን እንኳ የደንበኛ ቤት ተቀምጦ አያውቅም፤ ውሃ ሲሰጡት ቆሞ ነው የሚጠጣው።

«ይራገፋል» አሉ እትዬ፤ ሄደው ሳጥኑን ከእጁ ተቀበሉትና መሬት አስቀመጡት። ክንዱን ይዘው እሱ ራሱ ወደ ሠራው ትልቁ ሶፋ ወሰዱት። ከራሳቸው ወንበር አጠገብ ነው። አባዬ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ፣ ሁለት እጆቹንም ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ መሐንዲሱ እጄን እንደያዘ ነው፣ እኔ ግን የማየው አባቴን ነበር፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።